ከኪቢሽ እስከ ቶዶኛንግ፦ የደቡብ ኦሞ ድንበር የመቶ ዓመት ድርድር

ከጂንካ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ ቀይ አፈርን፣ ዲመካንና ቱርሚን አልፎ ኦሞራቴ ላይ ከኦሞ ወንዝ ጋር ይገናኛል። ከዚያ ወዲያ የዳሰነች አገር ነው። ወንዙ በብዙ ቅርንጫፍ ተከፋፍሎ ወደ ቱርካና ሐይቅ የሚገባበት ሜዳ በመሆኑ የውሃውና የየብሱ ዳርቻ ከዓመት ዓመት አይረጋም። ኢትዮጵያ፣ ኬንያና ደቡብ ሱዳን የሚገናኙትም በዚሁ አካባቢ ነው። የዚህ ድንበር ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የአዲስ አበባ፣ የለንደን፣ የካርቱምና የናይሮቢ ቢሮዎች ታሪክ ይሆናል። እኔ ግን ከብቱን ይዞ መስመሩን ከሚሻገረው ሰው ሳልርቅ ልተርከው እፈልጋለሁ፤ የሰላሙም የደሙም ምክንያት ያለው እሱ ዘንድ ነውና።

በ1880 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1888) ሳሙኤል ቴሌኪ የተባለ የሃንጋሪ ባላባትና የጉዞ ባልደረባው ሉድቪግ ፎን ሆነል ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ተነስተው ከደቡብ በኩል ሐይቁ ዘንድ ደረሱ። በኦስትሪያው አልጋ ወራሽ ስም ሩዶልፍ አሉት። በስተምሥራቅ ያለውን ጨው ባሕርን ደግሞ በአልጋ ወራሹ ሚስት ስም ስቴፋኒ ብለው በካርታ ላይ አሰፈሩ። በዳርቻው ከብት የሚያረቡና የሚያርሱ ሰዎች ለሐይቁ የየራሳቸው ስም ነበራቸው፤ በኋላ በውል ላይ የገቡት ግን እነዚህ ሁለት የአውሮፓ ስሞች ናቸው።

ከሦስት ዓመት በኋላ ዐፄ ምኒልክ የግዛታቸውን ወሰን የሚገልጽ ደብዳቤ ለአውሮፓ ነገሥታት ላኩ። ደብዳቤው በምዕራብ እስከ ካርቱም፣ በደቡብ እስከ ኒያንዛ ሐይቅ ድረስ ያለውን አገር የጥንት ግዛት አድርጎ ይጠቅሳል። አፍሪካ በሩቅ መንግሥታት ስትከፋፈል ኢትዮጵያ ዳር ቆማ እንደማትመለከት ማሳወቂያ ነበር። ደብዳቤ ብቻውን ግን መሬት አይዝም። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1888 ዓ.ም. የኦሞን ወንዝ ተከትሎ ወርዶ ወንዙ የሚፈስሰው ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ መሆኑን ሲያረጋግጥ፣ እንግሊዞችም ከዩጋንዳና ከሱዳን በኩል ሲቃረቡ፣ ምኒልክ ጦር አዘዙ።

የዘመቻው መሪ ካፋን ያስገበሩት ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ነበሩ። አብሮ የዘመተው ሩሲያዊው መኮንን አሌክሳንደር ቡላቶቪች ጉዞውን በመጽሐፍ አስቀርቶታል። ጦሩ ከካፋ ደጋ ወርዶ፣ የማያውቀውን ቆላ በበሽታና በጥም እየተፈተነ ተሻግሮ፣ በመጋቢት 1890 ዓ.ም. መጨረሻ የኦሞ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት ቦታ ደረሰና የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ተከለ። ያ ሰንደቅ በኋላ ለተደረገው ድርድር ሁሉ የኢትዮጵያ ዋና ማስረጃ ሆኗል፤ ባይተከል ኖሮ የዛሬው ወሰን ወደ ሰሜን ርቆ እንደሚሰመር አልጠራጠርም። ዘመቻው በዚያ አገር ለሚኖረው ሕዝብ ግን ከብቱ የተነዳበትና መንደሩ የተቃጠለበት ዘመን ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን ብቻ የሚያነሳ ትረካ የደቡብ ኦሞን ሰው አያሳምንም።

እንግሊዞች ዘግይተው ደረሱ። ሻለቃ ኦስቲን በ1893 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ያለውን ወሰን ሊያጠና ከኦምዱርማን ተነስቶ ሐይቁ ሲደርስ አገሬው ከዘመቻው በኋላ ነፍጥ የያዘን እንግዳ የማይቀበል ሆኖ አገኘው። ስንቅ መግዛት ስላልቻለ ሲመለስ አብዛኞቹ ሰዎቹ በረሃብ አለቁ። ቀጥሎም በግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ብሪታንያ የሱዳንን ወሰን የሚመለከተውን ውል አዲስ አበባ ላይ ፈረሙ። በዚያው ሰሞን አርኪባልድ በተር የተባለ እንግሊዛዊ ወጪውን ችሎ፣ የምሕንድስና መኮንኑ ፊሊፕ ሞድ ደግሞ መለኪያውን ይዞ፣ ከምኒልክ ፈቃድ ጋር የደቡቡን ወሰን እየተዘዋወሩ አጠኑ። ሞድ በካርታው ላይ የሳለው መስመር ለኬንያ ወሰን መሠረት ሆነ።

ውሉ የተጠናቀቀው ኅዳር 26 ቀን 1900 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1907) ነው። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾመው ነበር፤ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ንግድንና የውጭ ጉዳይን በአንድነት ያዙ። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤታችን ገና ስሙ በወጣ በሁለተኛው ወር ግድም የተፈረመው ይህ ውል የዛሬው ወሰን መነሻ የሆነ መስመር አውጥቷል። መስመሩ ከዳዋ ወንዝ ተነስቶ በሞያሌ አድርጎ ወደ ምዕራብ ይመጣና ጨው ባሕርን ነክቶ ሩዶልፍ ሐይቅን ይሻገራል። ከዚያ ሳንደርሰን ሰላጤ ከተባለው የሐይቁ ክንድ በኪቢሽ ወንዝ ወደ ሰሜን ይወጣል። ዛሬ የኛንጋቶም አርብቶ አደሮች ከብት ውሃ የሚጠጣበት ያው ኪቢሽ ነው።

ከውሉ አንቀጾች መካከል አንዱን ደጋግሜ እመለስበታለሁ። በመስመሩ በሁለቱም ወገን የሚኖሩ ጎሳዎች እንደ ቀድሞው ወዲያ ማዶ ያለውን ግጦሽ የመጠቀም መብት አላቸው ይላል፤ የውሃ ጉድጓዶችም እንዲሁ ክፍት ናቸው። ሰው ከከብቱ ጋር በተሻገረ ጊዜ የሚዳኘው በደረሰበት አገር ሹም ነው። ይህን የጻፉት ሰዎች ለአርብቶ አደሩ አዝነው ላይሆን ይችላል። ምናልባት እንግሊዝም ኢትዮጵያም በዚያ ቆላ መስመሩን የሚጠብቅ ወታደር ስላልነበራቸው፣ የማይከለከለውን ከመከልከል መፍቀድ ቀሏቸው ይሆናል። ምክንያቱ ያም ይሁን ሌላ፣ አንቀጹ ትክክል ነበር። በዚያ አገር ዝናብ ዓመቱን መርጦ እዚህም እዚያም ይጥላል፤ ሣሩ ያለበት ሜዳ በየዓመቱ ይለያያል። ከብት ያለው ሰው መሻገርን ትቶ መኖር አይችልም። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ታሪክ ሁሉ፣ እኔ እንደማየው፣ ይህ አንቀጽ የተጠበቀበትና የተዘነጋበት ዘመን ልዩነት ነው።

መስመሩን በመሬት ላይ ለማሳየት ሻለቃ ቻርልስ ግዊን በ1901 ዓ.ም. ግድም ለብሪታንያ ቀያሽ ሆኖ ተሰማራ፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ግን የእሱን ሥራ አልተቀበለም። ምኒልክ ታመው ስለነበር ጉዳዩ ሳይቋጭ ቆየ። በዚያ መሀል እንግሊዞች በራሳቸው ግዛቶች መካከል ሌላ መስመር አሰመሩ። በ1906 ዓ.ም. በሱዳንና በዩጋንዳ መካከል የተወሰነው መስመር ሱዳን ወደ ሐይቁ መውጫ እንድታገኝ ታስቦ ከኪቢሽ በስተምዕራብ ያለውን ሰፊ የግጦሽ አገር ለሱዳን ተወ። ይህ ከ10 ሺህ እስከ 14 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚገመት ሦስት ማዕዘን መሬት በአንድ የአኝዋክ አለቃ ስም ኢለሚ ይባላል። ቱርካና፣ ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ቶፖሳና ሌሎችም የሚገናኙበት ነው። የሚተዳደረው ከካርቱም በወረቀት ብቻ ስለነበር በክረምትም በበጋም የመንግሥት ሰው አይደርስበትም ነበር። የቱርካና አገር ያለበት የሩዶልፍ አውራጃ በ1918 ዓ.ም. ከዩጋንዳ ወደ ኬንያ ሲዛወር ደግሞ የሱዳን መሬት የኬንያ ሸክም ሆነ።

ሸክሙ የመጣው ከነፍጥ ነው። በማጂ በኩል ይነግድ የነበረው ሰው የዝሆን ጥርስ ገዝቶ ውጅግራና ጥይት ይሸጥ ነበር፤ ዳሰነችና ኛንጋቶም ታጠቁ። እንግሊዞች በ1910 ዓ.ም. በላቡር ዘመቻ ቱርካናን አሸንፈው ትጥቁን አስፈቱት። ከዚያ በኋላ አንዱ ወገን የታጠቀ፣ ሌላው ባዶ እጁን የቆመ ሆነ። የኬንያ አስተዳደር ትጥቁን ያስፈታውን ሕዝብ የመጠበቅ ግዴታ ነበረበት፤ ስለዚህ ወታደሮቹን ከ1906ቱ መስመር አልፎ ወደ ኢለሚ አስገባ፤ ሱዳንም ተስማማች። ዓመታት ሲሄዱ ወታደሩ የቆመበት ቦታ ራሱ መስመር ሆነ። በ1923 ዓ.ም. አንድ የግጦሽ መስመር፣ በ1930 ዓ.ም. ደግሞ የኬንያና የሱዳን ባለሥልጣናት የቀየሱትና በካርታ ላይ ቀይ መስመር የተባለው ተሰመሩ። እነዚህ መስመሮች የ1900ው ውል የፈቀደውን ነገር ከለከሉ። ዳሰነችና ኛንጋቶም ከብታቸውን ወደ ምዕራብ እንዳያሻግሩ ተደረገ።

በጣሊያን ወረራ ዘመን ነገሩ ከፋ። ኦሞ ላይ የሰፈረው ጣሊያን ዳሰነችንና ኛንጋቶምን የራሱ ተገዢ አድርጎ የኢለሚን ግጦሽ ይገባቸዋል ማለት ያዘ፤ ሁለት የአውሮፓ መንግሥታት በአንድ መስክ ላይ ተፋጠጡ። በ1931 ዓ.ም. ዳሰነችና ኛንጋቶም በቱርካና ላይ ከባድ እልቂት አደረሱ። ብሪታንያ በምድር ወታደር፣ በሰማይ አውሮፕላን ልካ አጸፋውን መለሰች። ግጦሽ የተከለከለ እረኛና ትጥቅ የተነጠቀ እረኛ በሁለት ቅኝ ገዢዎች መሀል እንዲህ ተላለቁ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1936 ዓ.ም. ከቀዩ ወደ ሰሜን ምዕራብ የገፋ ሰማያዊ መስመር ተሳለ። ሱዳንም በ1942 ዓ.ም. ግድም የራሷን የጥበቃ መስመር አወጣች። ኢለሚ አንዱ ከሌላው የማይገጥሙ መስመሮች የተደራረቡበት አገር ሆኖ ቀረ።

የኢትዮጵያና የኬንያ ጉዳይ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። መስከረም 18 ቀን 1940 ዓ.ም. አዲስ አበባና ለንደን ስለ ወሰኑ ማስታወሻ ተለዋወጡ። ከዋና ዋናዎቹ ርዕሶች አንዱ በቦረና የሚገኙት የጋዳዱማ የውሃ ጉድጓዶች ነበሩ። በ1940ዎቹ የጋራ የወሰን ኮሚሽን መሬቱን እየረገጠ የወሰን ምልክት ሲተክል ቆየ። ንግግሩ ሳያልቅ እንግሊዝ ከአካባቢው ወጣች። በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ሱዳን፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 1956 ዓ.ም. ደግሞ ኬንያ ነፃ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ የተደረገው ዲፕሎማሲ በአፍሪካ አርአያ የሚሆን ነው ብል አላጋነንኩም። ሁለቱ መንግሥታት ድንበር ሳይጨርሱ ጎረቤት ቢሆኑም ከሶማሊያ የመጣው የመሬት ጥያቄ ሁለቱንም ስለሚነካ፣ ኬንያ ነፃ በወጣች ሰሞን የጋራ መከላከያ ስምምነት ተፈራረሙ። በሐምሌ 1956 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በካይሮ ጉባኤው አዳዲሶቹ አገሮች የወረሱትን ወሰን እንዲያከብሩ ሲወስን ሶማሊያና ሞሮኮ አልተቀበሉም፤ ኢትዮጵያና ኬንያ ግን ውሳኔውን የፖሊሲያቸው ምሰሶ አደረጉት። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከተማ ይፍሩ በነበሩባቸው ዓመታት የተደረገው ንግግር ሰኔ 2 ቀን 1962 ዓ.ም. በውል ተደመደመ። ከ860 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ወሰን ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መንግሥታት መካከል የጦርነት ምክንያት ሆኖ አያውቅም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ሐምሌ 11 ቀን 1964 ዓ.ም. ኢትዮጵያና ሱዳን ማስታወሻ ተለዋውጠው ግዊን በሱዳን በኩል የቀየሰውን መስመር ተቀበሉ።

በእነዚያው ዓመታት ኪቢሽ አካባቢ አንድ የማይረሳ ነገር ተፈጽሟል። በ1959 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የፈረንሳይ፣ የአሜሪካና የኬንያ ተመራማሪዎች ወደ ኦሞ ሸለቆ ገብተው ነበር። በሪቻርድ ሊኪ የተመራው የኬንያ ቡድን በኪቢሽ አካባቢ የሰው ቅሪተ አካላት አገኘ። ኦሞ አንድ የተባለው ቅሪት ዛሬ ቢያንስ 233 ሺህ ዓመት እንደሚሆነው ይገመታል፤ ከታወቁት የእኛው ዝርያ ቀደምት ቅሪቶች አንዱ ነው። የጎረቤት አገር ምሁራን ከወሰን ማዶ ተሻግረው የሠሩት ሥራ ለኢትዮጵያ ትልቅ ስም አትርፏል፤ ይህም የመልካም ጉርብትና ፍሬ ነው።

መንግሥታቱ ሲስማሙ እረኞቹ ግን አልተነጋገሩም። የ1962 ዓ.ም. ውል ሲፈረም ጂንካ በጋሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ከዚያ ተነስቶ ዴልታው ላይ መድረስ በዚያ ዘመን የብዙ ቀን ጉዞ ነው። በ1960ዎቹ በታችኛው ኦሞ የነበረውን ግጭት አጥኚው ሰርዥ ቶርኔ በኛንጋቶም መካከል ኖሮ ጽፎታል። ድርቅ ከብት ጨረሰ፤ የተረፈውን ለማሰማራት የሚሆነው ሣር ያለው ጎረቤት በሚኖርበት ስለሆነ መጋጨት የግድ ሆነ። ደርግ ሲወድቅ ደግሞ ከተበተነው ሠራዊት የወጣው ክላሽ በኢትዮጵያ፣ በሱዳንም ጦርነት የተሠራጨው መሣሪያ በዚያ በኩል ገባ። ከዚያ ወዲህ ከብት የሚነዱ ጥቂት ወጣቶች በአንድ ቀን ማለዳ የሚያደርሱት ጉዳት ከቀድሞው ጋር አይወዳደርም።

ለዚህ መልስ ከሆኑት አንዱ ከካርቱም መጣ። በጥር 1994 ዓ.ም. የኢጋድ አባል አገሮች የግጭት ማስጠንቀቂያና ምላሽ ሥርዓት የሚያቋቁመውን ፕሮቶኮል ፈረሙ፤ ሥራው ከተጀመረባቸው አካባቢዎች አንዱ ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ሱዳንንና ዩጋንዳን የሚያገናኘው የካራሞጃ አካባቢ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ከብት ሲጠፋ ወይም ታጣቂ ሲሰበሰብ መረጃው ቀድሞ ይድረስ፣ ሽማግሌና ሹም ከደም በፊት ይነጋገሩ። ሐሳቡን በሙሉ ልብ እደግፋለሁ። መረጃ ግን መንገድ፣ ስልክና መኪና ካላገኘ በወቅቱ አይደርስም፤ ታችኛው ኦሞ ደግሞ ሦስቱም ያጠሩት አገር ነው።

በሚያዝያ 2003 ዓ.ም. በሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ በምትገኘው በቶዶኛንግ በዳሰነችና በቱርካና መካከል የተነሳው ግጭት የብዙ ሰው ሕይወት ቀጠፈ። ሁለት ወር አልፎ፣ ሐምሌ 2 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ደቡብ ሱዳን ነፃ አገር ሆነችና የኢለሚ ጥያቄ ከካርቱም ወደ ጁባ ዞረ። ኬንያ መሬቱን ቀዩን መስመር ይዛ ታስተዳድራለች፤ ጁባ በ1906ቱ ካርታ ትከራከራለች። ኢትዮጵያ በኢለሚ ላይ ጥያቄ የላትም። ቢሆንም ኛንጋቶሞችና ዳሰነቾች ኪቢሽን ተሻግረው የሚያሰማሩበት መሬት ስለሆነ የጁባና የናይሮቢ ንግግር ሲሳካም ሲከሽፍም የሚነካቸው እነሱን ነው።

ኢትዮጵያና ኬንያ ከዚያ በኋላ የበለጠ ተቀራረቡ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ሞያሌ ላይ የማርሳቢትንና የቦረናን ሕዝብ ሰላምና ልማት የሚያስተሳስር የጋራ ፕሮግራም አስጀመሩ። ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋው የኤሌክትሪክ መስመር ተጠናቆ ኬንያ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኃይል ትገዛለች። ሞያሌ ላይ የታየው ጥረት ወደ ኦሞራቴና ወደ ቶዶኛንግ በዚያው ጉልበት ቢመጣ ኖሮ ብዙ ሰው በሕይወት ይኖር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ኃይሉ ከሚመጣባቸው አንዱ ግልገል ጊቤ 3 ነው። 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በ2007 ዓ.ም. ውሃ መያዝ ሲጀምር የኦሞ የክረምት ጎርፍ ቀነሰ። ዳሰነቾችና ካሮዎች ጎርፉ ሸሽቶ የሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ ሣሩም የሚበቅለው በዚያው ነበር። ያ መሬት ሲደርቅ ከብቱ ሩቅ መሄድ፣ ሰውም ዓሣ ማስገር ነበረበት። ከዚያ ደግሞ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቁ ራሱ ሞልቶ ወደ ሰሜን ተስፋፋ፤ ኦሞም ዳርቻውን አልፎ በዳሰነች ወረዳ ቀበሌዎችን አጥለቀለቀ። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ተፈናቀለ። በ1900 ዓ.ም. ለወሰን የተወሰደው የሐይቁ ዳርቻ ስንት ጊዜ ሸሽቶ ስንት ጊዜ ተመለሰ! የሳንደርሰን ሰላጤ የደረቀበት ዘመን ነበር፤ ዴልታው ወደ ኬንያ ውሃ ውስጥ የገፋበት ዘመንም ነበር፤ አሁን ደግሞ ውሃው መሬቱን እየመለሰ ነው። የውሉ መስመር በነጥብና በምልክት ስለተቆረጠ ከውሃው ጋር አይንቀሳቀስም፤ ሰው ግን ይንቀሳቀሳል።

በየካቲት 2017 ዓ.ም. ጠቡ ከግጦሽ ወደ ውሃ ተሻገረ። ቶዶኛንግ አካባቢ፣ በሐይቁ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በቱርካናና በዳሰነች ዓሣ አስጋሪዎች መካከል የተነሳው ደም መፋሰስ የሰው ሕይወት አጠፋ፤ ጀልባና መረብ ትተው የጠፉ ሰዎችን በሁለቱም አገር ቤተሰቦቻቸው ሲፈልጓቸው ሰነበቱ። ኬንያ የጸጥታ ኃይል ላከች፤ የሁለቱም አገር ባለሥልጣናት መነጋገር ያዙ። በሐይቁ ምሥራቅ ዳርቻ፣ ኢሌሬት ላይ የሚኖረው ዳሰነች ኬንያዊ ነው፤ አጎቱ ኦሞራቴ ላይ ኢትዮጵያዊ ነው። የጠፋን ሰው ለመፈለግ የሚያልፉት ወሰን አንድ ነው፤ የሚቀርቡበት ፖሊስ ጣቢያ ሁለት ነው።

የ1900 ዓ.ም. ውል ስለ ሣርና ስለ ጉድጓድ ይናገራል። በዚያ ዘመን በዳሰነች ዘንድ ዓሣ ማስገር የደሀ፣ ከብት የሌለው ሰው ሥራ ስለነበር በውሉ ውስጥ ስለ ዓሣ የተጻፈ ነገር የለም። ዛሬ ዓሣው ዋና መተዳደሪያ ሆኗል። ስለዚህ አዲስ አበባና ናይሮቢ ከሚነጋገሩባቸው ጉዳዮች ሁሉ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው በጣም የታወቀ ነው፤ ማን በየትኛው ወቅት በየትኛው ውሃ ያስግር፣ ጀልባው በየት ይመዝገብ፣ ማዶ ተሻግሮ የተገኘ ሰው በማን ፊት ይቅረብ፣ የተወሰደ መረብ በስንት ቀን ይመለስ። ለዚህ ጉባኤ ኦሞራቴም ሆነ ኢሌሬት ይበቃሉ፤ ከሁለቱም ዳርቻ ያሉት አስጋሪዎችም ሊጠሩ ይገባል።